እንጨት መሐንዲስ ሲያገኝ፦ የአንድ ሙያ አጀማመር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ያቀረበልኝ ቅሬታ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተመድቦ ነበር። ቢሮዬ ገብቶ፣ ተቀመጥ ብለውም ሳይቀመጥ፣ «ዶክተር፣ እኔ የተማርኩት መሐንዲስ ለመሆን እንጂ አናጢ ለመሆን አይደለም፤ እባክዎ ወደ ሲሚንቶ ወይም ወደ ብረታ ብረት ያዛውሩኝ» አለኝ። ድፍረት ነው ብዬ አልተቆጣሁም። ይህንኑ ቃል እኔም ከሠላሳ ዓመት በፊት በሆዴ ብዬዋለሁ፤ ልዩነቱ እርሱ አፍ አውጥቶ መናገሩ ብቻ ነው። ያን ዕለት ዝውውሩን አልፈቀድኩለትም፤ አጥጋቢ መልስም አልሰጠሁትም። መልሱን ዛሬ በታሪክ በኩል ለመስጠት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተማሪው አነጋገር ውስጥ አንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ። ምህንድስና ከብረትና ከእንፋሎት ተወልዶ ያደገ ነው፤ እንጨት ግን የእጅ ባለሙያ ነው፤ መሐንዲስ ወደዚያ የሚሄደው የተሻለ ሲያጣ ነው የሚል። ታሪኩን ስንመረምር ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ከብረት የተሠሩ ማሽኖችን በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ አንድን ዕቃ በአንድ ዓይነት ልክ በብዛት የማምረት ዘዴ በተሟላ መልኩ ከታየባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም ቀዳሚው የሚሉት፣ የእንጨት ዕቃ ፋብሪካ ነበር። ቦታው በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ የሚገኘው የፖርትስመዝ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያና ማደሻ ግቢ ነው። ዕቃው ደግሞ መዘውር ነው።

መዘውር ስል በግንባታ ሥፍራ ሠራተኞቻችን ካሩኮላ የሚሉትን፣ ገመድ የሚዞርበት ጎማ በውስጡ ያለውን የሸክም ማንሻ ማለቴ ነው። በነፋስ የሚሄድ የጦር መርከብ ሸራውን የሚዘረጋውና የሚያጥፈው በዚህ ነው፤ መድፉን ወደ ቦታው የሚጎትተውም በዚሁ ነው። 74 መድፍ የሚይዝ አንድ መርከብ ወደ 1000 የሚጠጋ መዘውር ያስፈልገው ነበር። ከፈረንሳይ ጋር የሚደረገው ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዓመት ወደ 100,000 መዘውር ይፈልግ እንደነበር ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በእጅና በከፊል በማሽን የሚገለገሉ ባለሙያዎች ነበሩ።

ይህን ሥራ የለወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወደ እንጨት የመጡበት መንገድ የየራሱ ነው። አንደኛው ማርክ ኢዛምባርድ ብሩኔል ነው። በ1769 በኖርማንዲ ተወለደ፤ በፈረንሳይ ባሕር ኃይል አገለገለ፤ የንጉሡ ደጋፊ ስለነበረ በ1793 ከአብዮቱ ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በኒው ዮርክ ከተማም ዋና መሐንዲስ እስከመሆን ደረሰ። በ1799 ወደ እንግሊዝ ሲሻገር በእጁ የያዘው ሀብት የመዘውር ማሽኖች ንድፍ ነበር። ሁለተኛው ሳሙኤል ቤንታም ነው፤ የፈላስፋው የጄረሚ ቤንታም ወንድም፣ የባሕር ኃይሉ የግንባታ ሥራዎች ዋና ተቆጣጣሪ። በ1793 ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ሰነድ ስለ እንጨት ሥራ ማሽኖች የሚዘረዝር ነው።

ሦስተኛው ሄንሪ ሞድስሌይ ነው፤ ተማሪዎቼ በማሽን ሥራ ትምህርት ስሙን ታውቁታላችሁ። ስለ እርሱ የማናስተምረው አንድ ነገር ግን አለ። በ12 ዓመቱ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ግቢ ጥይት በመሙላት ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አናጢዎች ክፍል ተዛወረ፤ ወደ አንጥረኞቹ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ያ በብረት ትክክለኛነት ስሙ የሚነሳው ሰው ከብረት በፊት እንጨት ይዟል። በኋላ የጆሴፍ ብራማ የቁልፍ ፋብሪካ ዋና ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ በሳምንት 30 ሺሊንግ ይከፈለው ነበር፤ ጭማሪ ጠይቆ ስለተከለከለ በ1797 ለቆ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የብሩኔልን ንድፍ ወደ ብረት የለወጠው በዚያ ሱቅ ነው። አንድን ጥሩ ሠራተኛ በጥቂት ሺሊንግ ማጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማሳየት ይህን ታሪክ ለአስተዳዳሪዎች ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ እስካሁን ያስገኘው ጭማሪ የለም።

ብሩኔል ንድፉን በመጀመሪያ ያቀረበው ለባሕር ኃይሉ መዘውር ያቀርብ ለነበረው የሳውዝሃምፕተን ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ተራ አልነበረም፤ በመጋዝና በቶርኖ የሚሠራ፣ በዘመኑ ጥራቱ የተመሰከረለት ነበር። ከያዝነው የተሻለ ዘዴ ይገኛል ብለን አናምንም በሚል መንፈስ ንድፉን መለሰው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ውሉን አጣ። በዚህ ድርጅት ላይ መሳለቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ ጥሩ አሠራር ያለው ሰው አዲስ አሠራርን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። የመዘውሩ ቅርፊት የሚሠራው ኤልም ከተባለ ዛፍ ነው። ግንዱ በመጋዝ ይቆራረጣል፤ ቁራጩ ይበሳል፤ ሌላ ማሽን ከብሱ ተነስቶ ለጎማው የሚሆነውን ክፍተት በመሮ ይቦረቡራል፤ ሦስተኛው ጠርዞቹን ይቆርጣል። ከዚያ 10 ቅርፊቶች በአንድ ትልቅ መንኮራኩር ዙሪያ ታስረው እየዞሩ ጎናቸው በአንድነት ይላጋል። በመጨረሻም ገመዱ የሚታሰርበት ቦይ ይወጣል። በሌላው ወገን ጎማው ሊግነም ቪቴ ከተባለ እጅግ ጠንካራ የሐሩር አገር እንጨት ተቆርጦ፣ መሐሉ ላይ የናስ ቀለበት ተቀብሮበት ይለሰልሳል። በጠቅላላው 45 ማሽኖች በእንፋሎት ኃይል ይንቀሳቀሱ ነበር። በ1808 ፋብሪካው 130,000 መዘውር አመረተ። ቀድሞ 110 ባለሙያዎች የሚሠሩትን 10 ያልሠለጠኑ ሰዎች እንደሠሩት ይነገራል።

ይህን ቁጥር የምህንድስና መጻሕፍት በኩራት ይጠቅሱታል። እኔም እጠቅሰዋለሁ። ሆኖም ከ110 ላይ 10 ሲቀነስ የሚቀረው 100 ሰው ነው፤ እነዚያ ሰዎች የት እንደገቡ መጻሕፍቱ አይነግሩንም። ወደ ፋብሪካ የሚገባ ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን የማሻሻያ ሐሳቡን በወረቀት ሲያሰፍር ይህንን መቶ በአእምሮው መያዝ ይኖርበታል። ማሻሻያውን ይተው ማለቴ አይደለም፤ ስሌቱ እነርሱንም ይጨምር ማለቴ ነው።

ከፖርትስመዝ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቅርፊቱ ለምን ከኤልም ተሠራ? የኤልም ጭረት እርስ በርሱ ስለተጠላለፈ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ጎማው ለምን ከሊግነም ቪቴ ተሠራ? እንጨቱ በውስጡ ቅባትነት ያለው ሙጫ ስላለው ራሱን በራሱ ያለሰልሳል። ይህን የመረጠው ብሩኔል አይደለም፤ ሞድስሌይም አይደለም። መዘውር ሠሪዎች ለብዙ ትውልድ ሲሞክሩ፣ ሲሰብሩና ሲጥሉ ያገኙት ዕውቀት ነው። 45ቱ ማሽኖች የባለሙያውን እጅ ተኩ፤ ስለ እንጨቱ የነበረውን ዕውቀት ግን እንዳለ ተረከቡ። ማሽኑ በተሳሳተ እንጨት ላይ ቢሠራ ኖሮ ፋብሪካው በዓመት 130,000 የተሰነጠቀ መዘውር ያመርት ነበር።

(ብሩኔል ከመንግሥት ወደ 17,000 ፓውንድ ካሳ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ግን በባተርሲ የነበረው የመጋዝ ፋብሪካው በ1814 ተቃጠለ፤ በ1821 ደግሞ በዕዳ ታሰረ። ማሽን እንጂ ሒሳብ አልሆነለትም። ለምህንድስና ተማሪዎች የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ለምን እንደምንሰጥ ለሚጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው።)

ሁለተኛው ታሪክ ወደ ራይን ወንዝ ዳርቻ ይወስደናል። ሚካኤል ቶኔት በ1796 በቦፓርድ ከተማ ከቆዳ ፋቂ አባት ተወለደ፤ በ1819 የራሱን የአናጢነት ሱቅ ከፈተ። መሐንዲስ የሚል ማዕረግ አልነበረውም፤ የሠራው ግን ከምህንድስና በቀር ሌላ ስም ሊሰጠው አይችልም። የዘመኑ ወንበር ጠማማ ክፍሎች የሚገኙት ከወፍራም ጣውላ እየቀረጹ ነበር። በዚህ አሠራር ብዙ እንጨት ይባክናል፤ በጠማማው ላይ ጭረቱ ስለሚቆረጥም ወንበሩ በዚያው ይሰበራል። ቶኔት በ1830ዎቹ ቀጫጭን የእንጨት ቅጠሎችን በሙጫ ቀቅሎ፣ በቅርጽ ላይ አጥፎ፣ እንዲደርቁ በማድረግ ጀመረ። ሥራው በ1841 በኮብሌንዝ ኤግዚቢሽን የኦስትሪያውን ቻንስለር የሜተርኒኽን ዓይን ሳበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቪየና ሄደ።

በቪየና ክብርም ሥራም አገኘ። ችግሩ የመጣው ወንበሮቹ በመርከብ ወደ ሩቅ አገር መላክ ሲጀምሩ ነው። በእርጥብና በሞቃት አየር ሙጫው ለቀቀ፤ የእንጨቱ ንብርብሮች ተላቀቁ። የዘመኑ ሙጫ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ፣ ውሃ ሲያገኘው የሚሟሟ ነበርና የሚያስደንቅ አይደለም።

ቶኔት በዚህ ጊዜ የተሻለ ሙጫ በመፈለግ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችል ነበር። እርሱ ግን ሙጫውን ጨርሶ አስወገደ። አንድ ወጥ የቢች ዘንግ በእንፋሎት አለስልሶ ማጠፍ ጀመረ። ዘንጉ ግን በውጭ በኩል እየተሰነጠቀ አስቸገረው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የቁስ ጥንካሬ ትምህርታችን ዋና ምዕራፍ ነው። በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት ሲለጠጥና ሲጨመቅ ጠባዩ እኩል አይደለም። ከርዝመቱ 2 በመቶ ያህል ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ሲጨመቅ ግን ሳይሰበር እስከ 25 ወይም 30 በመቶ ሊያጥር ይችላል። ዘንግ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጣል፤ የውስጡ ይጨመቃል። ቶኔት በዘንጉ የውጭ ጎን ላይ ቀጭን የብረት ልጥ አጥብቆ አሰረ፤ ጫፎቹንም ያዘ። ልጡ ስለማይለጠጥ እንጨቱም መለጠጥ አልቻለም፤ የቀረለት መጨመቅ ብቻ ሆነ። እንጨቱ በማይችለው በኩል ብረቱ ቆመለት፤ በሚችለው በኩል እንጨቱ ራሱ ሠራ። የፈጠራ መብቱን በ1856 አገኘ።

በሚቀጥለው ዓመት ፋብሪካውን የሠራው በቪየና አልነበረም፤ በሞራቪያ፣ ኮሪቻን በተባለች መንደር፣ በቢች ጫካ አጠገብ ነበር። የዘንጉን ሥራ በየደረጃው ከፋፍሎ፣ አናጢነት ላልተማሩ የአካባቢው ሰዎች አስተማረ። በ1859 የወጣው ቁጥር 14 የተባለው ወንበር 6 የእንጨት ክፍሎች፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነበሩት። ተፈታትቶ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር፤ የሚገጣጠመው ገዢው ዘንድ ሲደርስ ነው። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል እንደተመረተ ይገመታል።

በአገራችን የጅማ በርጩማ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ መሆኑን ልብ ይሏል። ከአንድ ግንድ፣ ያለ አንዳች መገጣጠሚያ፣ በሦስት እግር ይቀረጻል። እንጨት ይባክናል፤ ነገር ግን ሙጫ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም፤ ሦስት እግር ስላለውም ባልተስተካከለ መሬት ላይ አይወላገድም። ያን በርጩማ የነደፈው ሰውም ስለ እንጨት እርጥበት ያውቅ ነበር እላለሁ። መፍትሔው ከቶኔት የተለየው የሚሸጥለት ሰው ጎረቤቱ እንጂ ከባሕር ማዶ ስላልነበረ ነው።

ስለ ቶኔት መላቀቂያ ሙጫ ከተናገርኩ፣ የራሴን ሳልናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ1985 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በአንድ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ የምርት መሐንዲስ ሆኜ ተቀጠርኩ። የማሽኖቹን የሰዓት ምርት አሰላ ነበር፤ የሥራ ፍሰቱንም በሰንጠረዥ አወጣሁ፤ ሰንጠረዡ ዛሬም ቢሆን የማያሳፍር ነው። በቆላማ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ እንድናቀርብ ታዘዝን። ጊዜው አጭር ነበር፤ ጣውላው ደግሞ ከመጋዝ ክፍል ከመጣ ብዙም አልቆየም።

የክፍሉ ፎርማን እኔ ከመወለዴ በፊት አናጢነት የጀመሩ ሰው ነበሩ። አንዱን ጣውላ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት፤ በጣታቸውም አንኳኩተው ሰሙት።

«ልጄ፣ ይህ እንጨት ገና ውሃውን አልጨረሰም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በስንት በመቶ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እኔም መልስ የሌለው ስጋት ነው ብዬ የሥራ ትዕዛዙን ፈረምኩ።

ዴስኮቹ ከተላኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ቅሬታው በደብዳቤ መጣ። የጠረጴዛው ገጽ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተቆልምሟል፤ በኮላ የተጋጠሙት ጣውላዎች መሐላቸው ተከፍቷል። ባቀረብኩት ሪፖርት ምክንያቱን «የጥሬ ዕቃና የአሠራር ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። የአሠራር ጉድለት የተባለው ደግሞ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ይመራል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ፎርማኑ ናቸው። እኔ ዝም አልኩ። ይህን በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጉንጫቸው ያወቀውን በኋላ በላቦራቶሪ ተማርኩት። እርጥብ እንጨት ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ለቆዳ ይቀዘቅዛል፤ ሲያንኳኩትም ድምፁ ይደፈናል። በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው። ትንሽ ናሙና ይቆረጥና ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ይደርቃል፤ እንደገና ይመዘናል። 120 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ፣ እርጥበቱ ከደረቁ ክብደት 20 በመቶ ነበር ማለት ነው። እንጨት ከ30 በመቶ ገደማ በታች መድረቅ ሲጀምር ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም፤ በዓመት ቀለበቱ አቅጣጫ የሚቀንሰው ግን ከመሐል ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ከሚቀንሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚቆለመመው በዚህ ልዩነት ነው። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ በሆነበት ቦታ እንጨት 12 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ 30 በመቶ በሆነበት ደረቅ ቆላ ግን ወደ 6 ይወርዳል። ስለዚህ «ደረቅ እንጨት» ብሎ ነገር የለም፤ ለየት አገር ደረቅ? ተብሎ መጠየቅ አለበት። በዚያ ፋብሪካ አንድ ሚዛንና አንድ ትንሽ ምድጃ ቢኖር ኖሮ ጥያቄዬ በግማሽ ቀን ይመለስ ነበር። እንዲገዛ መጠየቅ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ፎርማኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ጥፋቱ በስንት በመቶ ያንተ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቡና አፈሉልኝ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት አልፋለሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት መሐንዲሶች ትኩረት ከጣውላው ወደ ትራፊው ዞረ። ለብዙ ዓመታት ከኤዲሰን ጋር የሠራው ዊሊያም ሜሰን በሚሲሲፒ፣ ሎረል ከተማ፣ የመጋዝ ቤት ቁርጥራጭ ክምርን አየ። በ1924 ቁርጥራጩን በከፍተኛ የእንፋሎት ግፊት አፈንድቶ ወደ ጭረት ለወጠው፤ ጭረቱን በመጭመቂያ ሲይዘው፣ እንደሚተረከው፣ የእንፋሎቱ ቫልቭ ያፈስ ኖሮ እርሱ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ሙቀቱ አልቀነሰም። ሲከፍተው ጠንካራ ሰሌዳ አገኘ። ሜሶናይት የተባለው ይህ ነው። ሙጫ አልተጨመረበትም፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ራሱ አያያዘው። በ1930ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ማክስ ሂመልሄበር ፍርፋሪውን በሰው ሠራሽ ሙጫ አጣብቆ እኛ ቺፕውድ የምንለውን አዳበረ።

አናጢዎቻችን ፕላይውድን ኮምፔርሳቶ ይሉታል፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «የተካካሰ» እንደማለት ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ጭረቱ ከጎረቤቱ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ስለሚጣበቅ፣ አንዱ ሊኮማተር ሲል ሌላው ይይዘዋል። መርካቶ ውስጥ ኮምፔርሳቶ የሚጭን ልጅ በየቀኑ የምህንድስና ትርጓሜ ይጠራል፤ እኛ ግን በክፍል ውስጥ ያንን ቃል እንደ ሱቅ ቃል ንቀን ትተነዋል።

በአገራችን ይህ ታሪክ አላለቀም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ እንደ ልብ የሚገኙበት ዘመን አልፏል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ እጥረት መፍትሔ ሆኖ የገባው ባህር ዛፍ ግን በየኮረብታው አለ። ባህር ዛፍ በቁሙ ሳለ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ስለሚይዝ ሲቆረጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ጣውላው ሲደርቅ ይጣመማል። ስለዚህ ለግንባታ መቆሚያና ለማገዶ እናውለዋለን፤ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ሰሌዳ ደግሞ ከውጭ በምንዛሪ እናስመጣለን። የማይጨው ቺፕውድ ፋብሪካ ባህር ዛፍን ጥሬ ዕቃ አድርጎ መነሳቱ በዚህ ረገድ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ባህር ዛፍን እንዴት ብንሰነጥቀውና በምን ዓይነት ሂደት ብናደርቀው ቀጥ ብሎ ይቆያል? ይህ የአናጢ ጥያቄ ነው ወይስ የመሐንዲስ? ቶኔት ቢሆን ልዩነቱ አይገባውም ነበር።

ለሚጀምር መሐንዲስ ሥራው ከዚህ ያነሰም መልክ አለው። 20 ሚሊሜትር ጣውላ 4 ሚሊሜትር በሚበላ መጋዝ ሲሰነጠቅ፣ ከየ24ቱ ሚሊሜትር 4ቱ፣ ማለትም አንድ ስድስተኛው፣ ሰጋቱራ ይሆናል። መጋዙን ማሳሳትና ጥርሱን በአግባቡ ማሳል የአንድ ወር ሥራ ነው፤ ትርፉ ግን ከትልቅ ማሽን ግዢ ሊበልጥ ይችላል።

ሰጋቱራውን ካነሳሁ አቧራውንም ማንሳት ግድ ነው። በእንግሊዝ ሃይ ዊኮም በወንበር ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በ1960ዎቹ ሐኪሞች በአካባቢዋ የቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይታይ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር በብዛት አገኙ፤ ምርመራው ወደ እንጨት አቧራ መራ። ዛሬ የእንጨት አቧራ ካንሰር አምጪ መሆኑ በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ከተረጋገጠ ቆይቷል። በሽታው የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ በሪፖርት አይገባም፤ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት ሰውም አይኖርም። በብዙ የእንጨት ሥራ ቤቶቻችን ሠራተኛው አፉን በሻሽ ጠቅልሎ ይሠራል። የአቧራ መሳቢያ ቱቦና ማራገቢያ ማስላት ሁለተኛ ዓመት ላይ የምታውቁት የፈሳሽ እንቅስቃሴ ትምህርት ነው።

ያ ተማሪ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ፈቃዱን ስለጠየቅሁ ቅር አይለውም። ልምምዱን ጨርሶ ባለፈው ወር ያቀረበልኝ ሪፖርት በመጀመሪያ ገጹ ላይ የ40 ናሙናዎች የእርጥበት ሰንጠረዥ አለው። ሰንጠረዡን አይቼ ሦስት የስሌት ስህተት አግኝቼበታለሁ፤ ከዚህ ስብሰባ በኋላ አብረን እናርመዋለን። አሁን ለጥያቄና ለአስተያየት መድረኩ የእናንተ ነው።